ለድኃ ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ

በጎጃም ምድር ለትምህርት ብሎ ከአባትና ከእናት ቤት መለየት አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚወርደው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከየደጁ ቍራሽ እየለመነና ከውሻ ጋራ እየታገለ ተምሯል። ሕዝቡም በበኩሉ ቍራሹን ሳይነፍግ አስተምሮታል። ስለዚህ በማዕርግ ከፍ ብለው የምናያቸው ብዙ ሊቃውንት የተማሩት በገበሬው እንጀራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ የቀድሞ ልማድ ዛሬ መልኩን ለውጦ ይገኛል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የተወለደ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ መጥቶ፥ ከጓደኞቹ ጋራ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፥ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት ተሸክሞ እያመጣ ይማራል። እንጀራውን እናቱ ጋግራ ትሰጠዋለች፤ መጽሐፉን ግን ከየት ታመጣለታለች?

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ቍጥር ይመሰክራል። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛ ክፍል ልጆች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፥ ከ100 ልጆች 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ደግሞ ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውድቀት ሌላም ምክንያት አይታጣም፤ ነገር ግን መሠረቱ ያልጠና ቤት ጣራው እንደማይቆም የታወቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች የትምህርት ዘመናቸውን አጥተዋል። የተዘጋው ደጅ እስኪከፈት ድረስ ልጁን ከፊደል ጋራ የሚያቆየው በእጁ ያለ መጽሐፍ ነው።

በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሳይተውናል። እኒህ ሰው በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአገራቸውን ልጆች የመጽሐፍ ረኃብ አስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በአዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭነው ወደ ልጆቹ አደረሱ። አህያ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ሞልቷል፤ የሚጐድለው ጫኙ ነው።

አሁን ለሹማምንት አንድ ነገር እናሳስባለን። በብዙ ትምህርት ቤት በልግስና የተገኘ መጽሐፍ በሣጥን እንደ ታሸገ ይቀመጣል። ምክንያቱም ስንፍና ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ቢጠፋ ዕዳው በንብረት ጠባቂው ላይ ስለሚወድቅ፥ ጠባቂው ቍልፉን ቢያጠብቅ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሕጉ ነው። በልጆች እጅ ተገላብጦ ያረጀ መጽሐፍ ሥራውን ፈጽሞ ያረፈ ነው እንጂ የጠፋ ንብረት አይደለም፤ በመጋዘን በምስጥ የተበላው ግን በእውነት ጠፍቷል። ስለዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ ጥቂቱ መጽሐፍ በማንበብ ብዛት እንደሚያልቅ አስቀድመው ቢፈቅዱ፥ ጠባቂውም «ስንት መጽሐፍ ቀረ» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ልጅ አነበበ» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ያለ አንዳች ወጪ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይከፈታል።

ለጋሾችም የሚሰጡትን ይምረጡ። ከውጭ አገር ቤት ማጽጃ የተረፈ፥ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል እንጂ ልብ አይሞላም። ለጀማሪ የሚሻለው በአማርኛ የተጻፈ ተረትና ታሪክ ነው። ከትምህርት በኋላ ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የምትሮጠው ልጃገረድም ቤተ መጻሕፍት ገብታ ለመቀመጥ ጊዜ የላትምና፥ መጽሐፉን ወደ ቤቷ ይዛ እንድትሄድ ይፈቀድላት።

ካህናት አባቶቻችን ደግሞ ሥልጣናቸው ከሁሉ ይበልጣል። ዓለማዊ መጽሐፍ ልጁን ከሃይማኖቱ ያርቀዋል ብለው የሚሠጉ ቢኖሩ፥ ሐዲስ ዓለማየሁንና አቤ ጉበኛን ያስታውሷቸው፤ ሁለቱም በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሰው ያደጉ ናቸው፤ ብርዕ የያዘው እጃቸው ፊደል የቈጠረው በዚያው ጉባኤ ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገር አንድ ቃል፥ በሰንበቴና በዕድር የሚነሣ አንድ አሳብ፥ ከብዙ የመንግሥት ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና፥ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ መጽሐፍ ቢሰጥ ማንም አይደኸይም።

አባቶቻችን ለቆሎ ተማሪ ቍራሽ ሲሰጡ ልጁ ወደ ፊት ምን እንደሚሆን አልጠየቁም፤ መራቡን ብቻ አይተው ሰጡ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንቁን ይዞ የተቀመጠውም ልጅ ዛሬ ተርቧል። ረኃቡን አይተን ማለፍ ግን ከአባቶቻችን ያልወረስነው ልማድ ነው።