«ያልተቆረጠ ፎቶ» የሚባል ተረት

ሬንጅፋይንደር ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ዘንድ አንድ የማይነካ ቀኖና አለ፤ «ፎቶ አይቆረጥም!» ይላል። አንሺው የሚፈልገውን በመስኮቱ አይቶ ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙን መከርከም ማጭበርበር ነው። አንዳንዶቹማ የፊልሙን ጥቁር ጠርዝ ከነፎቶው አትመው እንደ ማኅተም ያሳዩናል፤ «ይኸው፣ አልነካሁትም!» ለማለት። ትንሽ ከርክሞ የተገኘ ጀማሪ ደግሞ «ዓይን የለውም» ይባላል።

ጥሩ። እስቲ ካሜራውን ራሱን እንጠይቀው።

ሬንጅፋይንደር በሌንሱ ውስጥ አያሳይም። የምናየው ከሌንሱ ከፍ ብላ ወደ ጎን በተቀመጠች ሌላ መስኮት ነው። ሌንሱ 28 ሚሊ ሜትር ሆነ 90፣ መስኮቷ የምታሳየው ያንኑ ነው፤ የሚለወጡት ውስጧ ያሉት ነጫጭ የክፈፍ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ደግሞ ግምት ናቸው። ሌንስ ቅርብ ያለ ነገር ላይ ሲያነጣጥር የሚይዘው ስፋት ይጠባል፤ ሩቅ ሲያይ ይሰፋል። የላይካ ኤም መስመሮች ግን ከርቀቱ ጋር ቦታቸውን እንጂ መጠናቸውን አይቀይሩም። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ርቀት ይመርጥና በዚያ ይለካቸዋል። በኤም8 (2006 እ.ኤ.አ.) የተመረጠው 0.7 ሜትር ነበር፤ በኤም8.2 (2008) 2 ሜትር ሆነ፤ በኤም9 (2009) ደግሞ 1 ሜትር። በሦስት ዓመት ሦስት ልክ! ፋብሪካው ራሱ ያልረጋበት መስመር ለእኛ እንዴት ሆኖ ቀኖና ይሆናል?

ሰፊ ሌንስ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በ1954 የወጣው ኤም3 ከ50 ሚሊ ሜትር የሰፋ መስመር አልነበረውም። የኒው ዮርክን ጎዳናዎች በ28 ሚሊ ሜትር በማንሳት የሚታወቀው ጋሪ ዊኖግራንድ የያዘው ኤም4 የ28 መስመር ጨርሶ የለውም። መስመሩ ባለበት ካሜራም ቢሆን መነጽር ላደረገ ሰው አራቱንም ማዕዘን ባንድ ጊዜ ማየት ፈተና ነው፤ የመስኮቱን አንዱን ጥግ ደግሞ ሌንሱ ራሱ ይጋርደዋል። ወደ 21 ሚሊ ሜትር ከተወረደ ካሜራው አናት ላይ ሌላ መስኮት ይሰካል፤ በአንዱ ታነጣጥራለህ፣ በሌላው ታያለህ። ያ መስኮት ከሌንሱ የባሰ ከፍ ያለ ስለሆነ ቅርብ ያለ ሰው ላይ ስሕተቱ ይጎላል። መስመር ቢስተካከል እንኳ የማይስተካከል ነገር አለ፦ ዓይንህና ሌንሱ የቆሙበት ቦታ ይለያያል። አንተ ከሰውየው ራስ በላይ ያየኸው ምሰሶ በፎቶው ላይ ከጭንቅላቱ የበቀለ ሊመስል ይችላል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ጥቂት ሴንቲ ሜትር ናት» የሚል አይጠፋም። እንቁጠራት። 21 ሚሊ ሜትር ሌንስ 3 ሜትር ርቀት ላይ 5 ሜትር ያህል ወርድ ይይዛል። ከዚያ 5 በመቶ ብትሳሳት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። 25 ሴንቲ ሜትር የሰው ፊት ይበቃዋል! ሰፊ ሌንስ ደግሞ ጠርዝ ላይ ያለውን ፊት ይለጥጠዋል። ስለዚህ በመንገዱ የሚያልፍ፣ አንሺው ጨርሶ ያላየው ሰው፣ ፊቱ ተጎትቶ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ያ ቀኖና ይመጣና «አትንካው፣ ያየሁት ይህንን ነው» ይላል። አላየኸውም እኮ! ያላየኸውን ሰው በክብርህ ስም ለሕዝብ ማሳየት ሐቀኝነት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው። የእኔም ጠብ እዚህ ላይ ነው።

«እንግዲያው ሬንጅፋይንደር ተዉ» የምትሉም ጉራችሁን ቀንሱ። በሌንሱ በኩል የሚያሳየው ኒኮን ኤፍኤም2 እንኳ በመስኮቱ የሚያሳየው 93 በመቶውን ነው።

የቀኖናው ሰዎች ስሙን የሚጠሩት አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንም ቢሆን አብዛኛውን ሥራውን ሳይቆርጥ ማሳተሙ እውነት ነው። ነገር ግን በ1932 ከፓሪሱ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው፣ ውሃ ላይ የሚዘለው ሰውዬ ፎቶ ተከርክሟል። ሌንሱን በአጥር ቀዳዳ አሾልኮ ነበር ያነሳው። ፎቶውን ግን ማንም «ዓይን የሌለው ሰው ሥራ» አላለውም።

አለመቁረጥ ጥቅም የለውም አልልም። ሰውን ጠጋ እንዲል፣ ከመጫኑ በፊት እንዲያስብ ያስተምራል። መቁረጥም ሊዋሽ ይችላል፤ ከሚደበድበው ሰው ተነጥሎ የቀረበ ተደብዳቢ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ግን ያንን ውሸት ያለ መቀስም መዋሸት ይቻላል፤ ካሜራውን ግማሽ እርምጃ ማዞር ይበቃል። ስለዚህ የአንድን ጋዜጠኛ እውነተኝነት በጥቁር ጠርዝ አንለካም። መጠየቅ ያለብን ጠርዙ የት እንዳለቀ ሳይሆን ከጠርዙ ጋር የነገሩ ትርጉም ተቆርጦ እንደሆነ ነው።

ካሜራችሁን ግን እወቁት። ግድግዳ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ከ1፣ ከ2 እና ከ5 ሜትር አንሱና መስኮቱ ያሳያችሁን ፎቶው ከያዘው ጋር አስተያዩ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላም «እኔ ያየሁትን ብቻ ነው ያነሳሁት» ለማለት የሚደፍር ካለ፣ ግድግዳውን ያሳየን።