ጥርሱ ሳይገጥም በመፍቻ አይገፋ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

እንደሚታወቀው ማኅበራችን በአባላት መዋጮ የገዛት አንዲት የውሃ ግፊት ማጠቢያ ማሽን አለች። ወጣቶቻችን ላቫጆ እየሠሩ የሚተዳደሩት በእሷ ነው። ሰሞኑን ታዲያ የጎማዋ ማገጣጠሚያ በሥራ ላይ እንዳለች ተፈናጥሮ በአንዱ ልጃችን ፊት አጠገብ አለፈ። እግዜር አተረፈው። ከዚያ ወዲህ «ያበላሸው ልጁ ነው፣ ይክፈል» የሚል ወሬ ይሰማል። እኛ ይህን አንቀበልም። ነገሩን መርምረናል፤ ጥፋቱ የኛ የኮሚቴዎቹ ነው።

አሮጌው ማገጣጠሚያ ሲያልቅ ከመካከላችን ሰው ላክን። አሮጌውን ሳይዝ ሄዶ «ባለ 3/8 ኢንች» ብሎ ገዝቶ መጣ። 3/8 ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ልክ የተሠራው በአንድ ኢንች 19 ጥርስ አለው፤ በአሜሪካን ልክ የተሠራው 18 ነው። ሁለቱን ቢያገናኟቸው ጥቂት ዙር ይገባና ይይዛል። ልጁ ጠበቀ ብሎ በመፍቻ ገፋው፤ ጥርሱ ተበላ። 1/2 ኢንቹማ ይብሳል። በሁለቱም ልክ 14 ጥርስ ስለሆነ ደህና የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን የጥርሱ ማዕዘን የአንዱ 55፣ የሌላው 60 ዲግሪ ነው። ባለ 22 ሚሊ ሜትሩም ያታልላል፤ ውጩ አንድ ሆኖ የውስጡ ምላስ 14 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

«ቴፍሎን ጠቅልልበት» የሚሉም አሉ። ቴፍሎን የሚረዳው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ለሚሄድ ጥርስ ነው። ቀጥ ያለውን ጥርስ የሚያሽገው የላስቲክ ቀለበቱ ነው። ያልገጠመን ጥርስ ቴፍሎን አያስገጥመውም።

የቤት ቧንቧ ግፊት ጥቂት ባር ነው፤ የዚህች ማሽን ግን ከ100 ባር በላይ ነው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክልም ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ፦

1ኛ/ ማገጣጠሚያ ሊገዛ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ ጥርስ ለጥርስ አስተያይቶ ይግዛ። በእጅ እስከ መጨረሻው ያልገባ አይወሰድ።

2ኛ/ ከማሽኑ እስከ መርጫው ድረስ የሚገባው ሁሉ የሚችለው ግፊት ከማሽኑ ግፊት ያላነሰ ይሁን፤ የአትክልት ጎማ ዕቃ ከማሽኑ በፊት ላለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው።

3ኛ/ ማገጣጠሚያ ከመፈታቱ በፊት ማሽኑ ይጥፋ፣ ቧንቧው ይዘጋ፣ መርጫው ተጭኖ የቀረው ግፊት ይውጣ።

የተበላሸው ዕቃ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲተካ ለጠቅላላ ጉባዔው እናቀርባለን። ከልጁ ሰባራ ሳንቲም አይጠየቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የቸኮልነው እኛ ነን፤ የምንለቅመውም እኛው ነን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት