ተቀምጦ በሚበላና ይዞ በሚሄድ ሰው ላይ ስለሚጣል ግብር

ግብር ለመንግሥት ሥራ አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ የለም። መንገድ የሚጠረገው፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚቆመው፥ ዳኛና ዘበኛ ደመወዝ የሚያገኘው ሕዝብ ከሚከፍለው ግብር ነው። ዳሩ ግን ግብር ገንዘብ ስላስገባ ብቻ መልካም ነው አይባልም። መልካም ግብር የሚባለው ከፋዩ ምክንያቱን የሚረዳው፥ ተቀባዩም ያለ ክርክር የሚቀበለው፥ ይልቁንም እውነተኛውን ሰው ጐድቶ ሐሰተኛውን የማይጠቅም ሲሆን ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር የጃፓን መንግሥት በምግብ ሽያጭ ላይ ያቆመው ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጃፓን ይህን ግብር የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፥ ልኩ ከመቶ 3 ነበር። ከዚያም በ1997 ወደ 5፥ በ2014 ወደ 8 ከፍ አለ። በ2019 ዓ.ም. ኦክቶበር 1 ቀን ወደ 10 ከፍ ሲል ግን፥ ኑሮ በድኻው ላይ እንዳይከብድ ታስቦ፥ ከአልኮል መጠጥ በቀር የሚበላና የሚጠጣ ነገር ሁሉ በ8 እንዲቀር ተወሰነ። የዚህ አሳብ መሠረቱ የቀና ነው፤ ባለጠጋ ለእህል የሚያወጣው ከገቢው ጥቂቱን ሲሆን፥ ድኻ የሚያወጣው ግን ብዙውን ስለ ሆነ፥ በምግብ ላይ የሚጣል ግብር ለድኻው ይከብደዋል።

ነገር ግን ሕጉ በምግብ ቤት መብላትን ከዚህ ቅናሽ ለየው። ወንበርና ጠረጴዛ ተዘጋጅቶለት የሚበላ ሰው የሚገዛው ምግብን ብቻ ሳይሆን መስተንግዶንም ጭምር ነው ተብሎ ከመቶ 10 እንዲከፍል ሆነ። ያንኑ ምግብ አስጠቅልሎ ይዞ የሚሄድ ግን የሚከፍለው ከመቶ 8 ነው። እንግዲህ የ1,000 የን ምግብ ተቀምጦ ለሚበላው 1,100፥ ይዞ ለሚሄደው 1,080 የን ይሆናል ማለት ነው።

ልዩነቱ 20 የን ብቻ ቢሆንም፥ ከእርሱ የተነሣው ጥያቄ ብዙ ነው። ጥቂት ወንበሮች ባሉት ሱቅ ውስጥ ዳቦ የሚገዛ ሰው እዚያው ይብላው ወይም ይዞት ይሂድ በምን ይታወቃል? ሕጉ ይህ በሽያጩ ሰዓት ገዢው በሚገልጸው አሳብ እንዲወሰን አደረገ። ይዤ እሄዳለሁ ብሎ 8 የከፈለ ሰው በኋላ አሳቡን ለውጦ ቢቀመጥ ግብሩ አይለወጥም። ይህ አወሳሰን ሻጩን ገዢውን እየተከታተለ ከመጠበቅ ያዳነው ስለ ሆነ ብልሃት አለበት። ዳሩ ግን ያው ብልሃት ሌላ ጉዳት አመጣ፤ ይኸውም እዚሁ እበላለሁ ብሎ እውነቱን የተናገረው አብልጦ ሲከፍል፥ እወስዳለሁ ብሎ የተቀመጠው ማትረፉ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ወጣትም ሳይሾም የግብር መርማሪ ሆነ። ነጋዴዎችም ሁለት ልክ የሚለይ የሒሳብ መኪና ስላስፈለጋቸው፥ መንግሥት ለትንንሾቹ የእርዳታ ገንዘብ ሰጠ። ከታላላቆቹ ምግብ ቤቶችም አንዳንዶቹ ክርክሩን ለማስቀረት ሲሉ፥ ግብሩ የተጨመረበትን ዋጋ ለተቀማጩም ለሄያጁም አንድ አደረጉት።

እንዲህ ያለ ችግር ያገኛት ጃፓን ብቻ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከዳቦ ቤት በትኩሱ ተገዝቶ በሚወሰድ ሥጋ ያለበት ኅብስት ላይ ከመቶ 20 ግብር ለመጣል አስቦ ነበር። ነገር ግን ኅብስቱ ትኩስ ነው ወይስ በርዷል የሚለው ክርክር የሕዝብ መሣቂያ ስለ ሆነ፥ አሳቡን በማርች ወር አውጥቶ በሜይ ወር መለሰው። በጀርመን አገር ደግሞ ተቀምጦ የሚበላ ከመቶ 19፥ ይዞ የሚሄድ ከመቶ 7 ይከፍል ነበር። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የሁለቱም ምግብ በዝቅተኛው ልክ እንዲሆን ተደረገ፤ በ2024 መጀመሪያ ልዩነቱ ተመለሰ፤ ከ2026 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ግን፥ ከመጠጥ በቀር፥ ምግቡ ዳግመኛ በ7 እንዲሆን በሕግ ተወሰነ።

እንዲህ ከተደረገ በታላቅ ምግብ ቤት የሚበላው ባለጠጋም ከቅናሹ ይካፈላል የሚል ተከራካሪ ይኖራል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ባለጠጋውን በገቢ ግብር ማግኘት ይቻላል፤ በጥቂት ሣንቲም ምክንያት ሐሰትን የለመደ ሕዝብን ግን ወደ እውነት መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ለድኻ ማዘን የመልካም ሕግ መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው ግን ሕጉ ያለ ተንኰል በሥራ መዋሉ ነው። ስለዚህ አንዱን ግብር ከሌላው የሚለየው ወሰን ሻጭ፥ ገዢና መርማሪ ሦስቱም በዓይናቸው በሚያዩት ነገር ላይ ሊቆም ይገባዋል። ዳቦ ከአልኮል የተለየ መሆኑን ማንም ያያል፤ ሰው በልቡ ያሰበውን ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። በልብ አሳብ ላይ የተመሠረተ ግብር ቀራጩን የኅሊና ዳኛ ያደርገዋል፤ ይህም ሹመት ለማንም ቀራጭ ከአቅሙ በላይ ነው። ሕግ የሚያወጡ ሁሉ አዲስ ልዩነት ከመጻፋቸው በፊት፥ እውነት የሚናገረው ሰው በዚህ ሕግ ይጐዳ እንደ ሆነ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባቸዋል።