«ለበረከት ነው» ደመወዝ አይሆንም



ሮብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ስም ነው። በገበያዋም ዋጋው ሳይነገር አንዲት ቁና ጤፍ ከሻጭ ወደ ገዥ አትተላለፍም። ሻጭ ይጠራል፣ ገዥ ይከራከራል፣ ሲስማሙ ይሰፈራል። ይህን ሥርዓት ከልጅነታችን ጀምረን የምናውቅ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስንገባ ግን እንለወጣለን። ለክብረ በዓል ድምፅ ማጉያ ስንከራይ ዋጋ ጠይቀን ቀብድ እንከፍላለን። መዝሙር ስናስቀርጽ ለስቱዲዮው በሰዓት እንከፍላለን። መሪጌታውን ስንጠራ ግን «ለበረከት ይምጡልን» ብለን ዝም እንላለን። በዓሉ ካለፈ በኋላም ከወጪ የተረፈውን አጣጥፈን እናስጨብጣቸዋለን።

ይህ ልማድ ትሕትና ይመስለናል፤ እኔ ግን ግፍ ነው እላለሁ። የዜማ ባለሙያን ዋጋውን ሳይነግሩ ማሠራት፣ ለድካሙም በረከትን እንደ ክፍያ መቁጠር፣ ከቅዱስ መጽሐፍም ሆነ ከአባቶቻችን ሥርዓት የተገኘ አይደለም።

በመጀመሪያ የምንጠራው ማንን እንደ ሆነ እናስተውል። አንድ መሪጌታ ማኅሌት ለመምራት የሚበቃው በብዙ ዓመት ትምህርት ነው። ድጓውንና ጾመ ድጓውን በዜማ ቤት ይማራል፤ ሊያስመሰክር ሲወድ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባን፣ ለአቋቋም ጎንደርን ይሻል። ለቅኔ ወደ እኛው ጎጃም ይመጣል። ይህን ሁሉ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ተሸክሞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። የተማረውን ሰው ማጉረስ ግን ለእኛ የቀረ ድርሻ ነበር።

ድርሻውም ድሮ የታወቀ ነበር። በጎጃምና በጎንደር የቤተ ክርስቲያን መሬት ለአገልግሎት የተመደበ ነበር፤ የመሪጌታው፣ የቀኝ ጌታውና የግራ ጌታው፣ የደብተራውም ድርሻ በየማዕረጉ ይታወቃል። መሬቱን የያዘ ሰው ራሱ ማገልገል ባይችል ምትክ ያቆም ነበር። ሥርዓቱ የራሱ በደል ነበረበት፤ መልሰን እንትከለው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አገልግሎትና መተዳደሪያ አስቀድመው የተያያዙ መሆናቸውን ያስረዳናል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ ይህ ማሰሪያ ተቆረጠ። መሬቱ ሄደ፣ ማኅሌቱ ግን አልቀረም። በመሬቱ ፈንታ የአገልጋዩን ኑሮ መሸፈን በሰበካ ጉባኤው፣ ማለትም በእኛ በምእመናን ላይ ወደቀ። እኛም በብዙ ቦታ የተካነው «ለበረከት ነው» የሚለውን ቃል ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ መዘምራን ደመወዝ ዝም አላለም። በነህምያ 11፥23 ለመዘምራን የየዕለት ድርሻቸው በንጉሥ ትእዛዝ ተወስኖላቸው እንደ ነበር እናነባለን። በዚያው መጽሐፍ 13፥10 ድርሻቸው ስለ ተቋረጠ ሌዋውያንና መዘምራን እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው እንደ ሸሹ ተጽፏል። ነህምያ የሸሹትን «ፍቅረ ንዋይ ያዛችሁ» ብሎ አልገሠጻቸውም፤ የገሠጸው የእግዚአብሔርን ቤት የተዉትን ሹማምንት ነው። ዛሬ ከዜማ ቤት ወጥቶ በከተማ የጥበቃ ሥራ የያዘ የድጓ ሊቅ ሲያጋጥመን የምንፈርደው በማን ላይ ነው? በሸሸው ነው ወይስ ባሸሸነው በእኛ?

ሦስት መልሶች እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ።

አንደኛው፣ «በከንቱ የተቀበልነውን በከንቱ ልንሰጥ ታዘናል» የሚል ነው። ይህ በማቴዎስ 10፥8 ያለ እውነተኛ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ በዚያው ምዕራፍ ጌታችን ሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ተናግሯል። ግማሹን አንብቦ መዝጋት አይገባም። ሲሞን መሠርይ የተወገዘው የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ስለ ወደደ ነው። ጸጋ አይሸጥም፤ የሰው ሌሊትና ጉልበት ግን ዋጋ አለው።

ሁለተኛው፣ «ሊቃውንቱ ራሳቸው ዋጋ መጥራትን ነውር ይሉታል» የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህም ነው አስቀድሞ የመናገር ግዴታ ገንዘቡን በያዘው ላይ የሚወድቀው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል እንዲኖር ሥርዓት መሆኑን አጽንቶ ካስተማረ በኋላ፣ እርሱ ግን በዚህ መብት እንዳልተጠቀመ ይናገራል። ድንኳን እየሰፋ አገለገለ። መብቱን የተወው ግን ራሱ ነው፤ የቆሮንቶስ ሰዎች አልተዉለትም። መሪጌታው «አልፈልግም» ብለው ቢመልሱ ክብሩ የእርሳቸው ነው። እኛ በእርሳቸው ስም «አይፈልጉም» ብንል ግን ነጠቃ ነው።

ሦስተኛው፣ «ደብራችን ድሃ ነው» የሚል ነው። ድሃ ደብር ጥቂት ይስጥ፤ ጥቂት መሆኑን ግን አስቀድሞ ይንገር። ብር ባይኖር ጤፍ አለ፤ ጤፍ ባይኖር የእርሳቸውን ማሳ በደቦ ማጨድ አለ። ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በየሳምንቱ ሲቆም፣ በእርሻ የሚተዳደረው አገልጋይ አዝመራ በደረሰበት ወቅት ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ድህነት ተነግሮ የተስማሙበት ጥቂት ነገር አያስነውርም፤ የሚያስነውረው ሰውን በተስፋ አቁሞ ማሳደር ነው።

እንግዲህ ዋጋው እንዴት ይተመን? የምንቆጥረው የቆሙባትን አንዲት ሌሊት ብቻ ከሆነ ስተናል። መንገዱ፣ ቃለ እግዚአብሔሩን አውጥቶ ማዘጋጀቱ፣ ወጣቶችን ወረብ ማስጠናቱ ሁሉ ሥራ ነው። ለምሳሌ 4 ቀን ጥናት፣ 2 ቀን መንገድ፣ 1 ሌሊት ማኅሌት ቢሆን፣ የምንከፍለው የ7 ቀን ድካም ነው። በአካባቢያችን ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን በ7 እናባዛ፤ ይህ ከዚያ በታች የማይወረድበት ወለል ይሁን። በወለሉ ላይ የዕውቀቱ ዋጋ ይጨመር። የትራንስፖርትና የማረፊያ ወጪ ለብቻው ይያዝ፤ ከደመወዝ ጋር አይደባለቅ። ያገኘነውንም ለድምፅ ማጉያው ከከፈልነው ጋር እናስተያየው፤ ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ ድምፁን ካወጣው ሊቅ በላይ ተከፍሎት ከሆነ ሒሳባችን ተሳስቷል።

ስምምነቱ ከበዓሉ አስቀድሞ በሰበካ ጉባኤው ፊት በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም አገልጋዩ ሳይሰናበት ይፈጸም። በዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛ ዋጋ እስከ ማለዳ እንዳያድር ታዟል።

ይህ ሥርዓት ለሌላውም ወገን ልጓም ነው። የጉባኤውን ብዛት አይቶ ዋጋ የሚያንር፣ በሰጠው ቃል ላይ ሌላ ቦታ የተሻለ ሲያገኝ የሚቀር ዘማሪ አለ። እርሱን የምንገሥጸው ግን የታወቀ ተመንና የተጻፈ ስምምነት ሲኖረን ነው። ሁሉ ነገር በዝምታ በሚሠራበት ቤት ደፋሩ ይጠግባል፣ ዓይን አፋሩ ይራባል። ዓይን አፋሮቹም ብዙውን ጊዜ ሊቃውንቱ ናቸው።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አገራችን ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅ ማርያምን በመሳሰሉ የሊቃውንት ደጆች የከበረ ነው። ያንን ስም እየጠራን የምንኮራ ልጆች ለሚቀጥለው በዓል ስንሰበሰብ፣ ከዩኒፎርሙ ቀለም አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ መሪጌታችን ስንት ቀን ይደክማሉ? ምን ልንሰጣቸው ነው? ነግረናቸዋልስ? በረከቱን እግዚአብሔር ይሰጣል፤ ደመወዙን የምንሰጥ እኛ ነን።