በዓይን የማይታየውን መርዝ ስለ ማየት

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ድፍርስ ውሃ ራሱን ያጋልጣል፤ እርሳስ ወይም ባዜቃ የምንለው ሜርኩሪ የሟሟበት ውሃ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ይቀርብልናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው እርሳስ ከ10 ማይክሮግራም፥ ማለትም ከአንድ ግራም 100 ሺሕኛ እጅ እንዳይበልጥ መክሯል። ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም።

የዘመኑ ኬሚስቶች ለዚህ አንድ ብልሃት አግኝተዋል። ካርቦን ዶት የሚባሉ፥ ስፋታቸው ከ10 ናኖሜትር የማይበልጥ ቅንጣቶች አሉ፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ያበራሉ። የሜርኩሪ አዮን ሲጠጋቸው ግን ብርሃናቸው ይደበዝዛል፤ ከድብዘዛውም ልክ የመርዙ መጠን ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታወቁት እነዚህ ቅንጣቶች ከሎሚ አሲድ እንኳ በማሞቅ ሊሠሩ ስለሚችሉ፥ ለተማሪ ቤተ ሙከራ የራቁ አይደሉም።

ነገር ግን ብረትና መዳብም ብርሃኑን ሊያደበዝዙት ይችላሉ። ስለዚህ ድብዘዛው ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በትልቁ መሣሪያ መረጋገጥ አለበት። ተማሪዎቻችን ቅንጣቱ ስላበራ ብቻ ሥራው ተፈጸመ እንዳይሉ እንመክራለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የሹሙ ነው። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሰው ፈጀ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ታወቀ፤ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ1959 መንሥኤው ሜርኩሪ መሆኑን አመለከቱ። ይሁን እንጂ ፍሳሹ እስከ 1968 ድረስ አልቆመም። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጐደለው ውሳኔ ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሞጆ ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በክሮሚየም ጨው ነውና፥ ፍሳሹን መመርመር የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል። ወጣቱ ሹም የምርመራ ውጤት በቀረበለት ጊዜ ወረቀቱን በመሳቢያ ከማኖር ይልቅ፥ በዚያው ቀን ሁለተኛ ናሙና እንዲወሰድና እንዲረጋገጥ ይዘዝ፤ በተረጋገጠም ጊዜ ፍሳሹን ለማስቆም አያመንታ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዚህ ያገለግላል። ቅንጣቷ የምታደርገው መደብዘዝ ብቻ ነው፤ ማስቆም የሰው ፋንታ ነው።