ዳኛ የሌለበት ሜዳ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ቆሜ የሠፈራችን ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እመለከት ነበር። ግቡ እንደ ወትሮው ሁለት ድንጋይ ነው። ኳሷ ወደ እኛ በር ስትንከባለል፣ ከሱቅ የምትመለሰው የቤታችን ሠራተኛ ዘንቢሏን እንደያዘች በግራ እግሯ አቆመቻትና መልሳ መታችላቸው። ልጆቹ አጨበጨቡ። እርሷ ግን እኔን ስታይ፣ ጥፋት ሲሠራ እንደተያዘ ሰው አንገቷን ደፋች።

«ኳስ ትችያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«አገር ቤት ከወንድሞቼ ጋር እጫወት ነበር፣ ጋሼ። እዚህ ማን ያጫውተኛል?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህች ወጣት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ዓመት፣ እኛ ቤት ከገባች ደግሞ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት እኔ ስለ ፍልሰት፣ ስለ ዜግነትና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ሳስተምር ቆይቻለሁ። በራሴ ጣሪያ ሥር የምትኖረው ፍልሰተኛ ግን በዚህች ከተማ «የእኔ» የምትለው አንድ ስፍራ እንዳላት ጠይቄያት አላውቅም። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጥያቄዬም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ሜዳው የማን ነው? የጨዋታውንስ ሕግ የሚያወጣው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በተካሄደው የዓለም ዋንጫ በራሱ ግብ ላይ ኳስ ያስቆጠረው ኮሎምቢያዊው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር፣ ወደ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሜዴሊን ከተማ በጥይት ተገደለ። በዚያን ጊዜ እዚያው ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ዩርገን ግሪስቤክ፣ ጎራ ለይተው የሚዋጉትን የሜዴሊን ወጣቶች በሠፈር ኳስ የሚያገናኝ ውድድር ከሌሎች ጋር ሆኖ ጀመረ። ሕጉ እንግዳ ነበር። ዳኛ የለም፤ በየቡድኑ ሴቶች መሰለፍ አለባቸው፤ የመጀመሪያዋን ግብ የምታስቆጥረውም ሴት መሆን አለባት። ሴቶቹን ከጨዋታ ውጭ አድርጎ ማሸነፍ የማይቻል ሆነ ማለት ነው።

ግሪስቤክ እ.ኤ.አ. በ2002 በበርሊን ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ይህ አሠራር ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ዛሬ ጨዋታው በሦስት ክፍል ይካሄዳል። በመጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች ተቀምጠው በሕጉ ላይ ይስማማሉ። ቀጥሎ ይጫወታሉ። በመጨረሻም ተመልሰው ይቀመጡና ሕጉን ማን አከበረ፣ ማን ጣሰ ብለው ይነጋገራሉ። ለመከባበር የሚሰጠው ነጥብ ከግቡ ጋር ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ውይይቱን የሚመራው ለዚሁ የሠለጠነ ወጣት አወያይ ነው፤ ፊሽካ ግን አይዝም።

እኔን የሚገርመኝ ይህ የአወያይነት ቦታ ነው። ትናንት ቋንቋውን በቅጡ የማትችል፣ በሠፈሩ እንደ እንግዳ የምትታይ ወጣት ሴት ዛሬ በሁለት ቡድኖች መካከል ቆማ «ይህ ሕግ ለሁላችንም ፍትሐዊ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ወንዶቹም ሊመልሱላት ሲገደዱ፣ ከኳስ የሚበልጥ ነገር ተፈጽሟል። መዋሐድ የሚባለው ነገር በየአገሩ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው የመጣችው ሴት አነጋገሯን፣ አለባበሷንና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀባዩን እንድትመስል ነው። ሕጉን አብራ ካወጣች ግን ተቀባዩም ቦታውን ጠጋ ማድረግ ይኖርበታል።

ይህ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይገኝም። ሕግ አውጪዎቹ ሌሎች በሆኑበት ዘመን የሆነውን እናስታውስ። የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1970 ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር። በራስ መሸፈኛ መጫወትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተከልክሎ፣ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደው በ2014 ነው። በሁለቱም ጊዜ ክልከላው የሚመለከታቸው ሴቶች ሕጉ በተወሰነበት ጠረጴዛ ዙሪያ ድምፅ አልነበራቸውም። በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በበርሊን የክሮይዝበርግ ሠፈር የሚገኘው የፍልሰተኞች ክለብ የአል ዴርሲምስፖር ሴቶች ራሳቸው ተነሣስተው፣ ብዙ መሰናክል አልፈው ቴህራን ሄዱ። ከኢራን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር በሴት ተመልካቾች ፊት ተጫውተው 2 ለ 2 ተለያዩ። ጥሪ አልጠበቁም፤ ጨዋታውን ያዘጋጁት እነርሱ ናቸው።

«ቅንጦት ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለቤት ሠራተኛ የሚያስፈልጋት ደመወዝ፣ ትምህርትና የሕግ ጥበቃ እንጂ ኳስ ነውን? ተቃውሞው ከባድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳያቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። ይህን ክፍተት ኳስ አይደፍነውም። ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ ሕጉ እንዲሻሻል ግፊት የሚያደርገው ማን ነው? በየግቢው ተዘግታ፣ ከእኩዮቿ ተለይታ፣ በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ተናግራ የማታውቅ ወጣት መብቷን በማኅበር ተደራጅታ ልትጠይቅ አትችልም። አስቀድሞ የሚገናኙበት ስፍራ ያስፈልጋል። ሜዳ ከአዳራሽ ይረክሳል፤ ለመግባትም ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም።

አንድ ሥጋትም አለኝ። አገራችን ፕሮጀክት አታጣም። ካናቴራ ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ በጀቱ ሲያልቅ ኳሷም ትተነፍሳለች። ደግሞም አንዲት ኮከብ ብትወጣ ሥራው ተሳካ ብለን እንዳንዘናጋ። ከአፍጋኒስታን ተሰዳ፣ በዴንማርክ የስደተኞች ካምፕ ኳስ የለመደችው ናዲያ ናዲም ለዴንማርክ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋለች፤ ሐኪምም ሆናለች። ታሪኳ ያኮራል፤ መለኪያ ሊሆን ግን አይችልም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ በሦስተኛው ዓመት የሜዳውን ቁልፍ የያዘችው ማን ናት? የጨዋታ ሰዓቱን የምትመድበው፣ አዲስ የመጣችውን የምትቀበለውስ? መልሱ አሁንም «የፕሮጀክቱ አስተባባሪ» ከሆነ መሪ አላፈራንም።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። በየወረዳው ያሉ ሜዳዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ከገጠር ለመጡ ወጣት ሴቶችና ለሠፈሩ ልጃገረዶች በጋራ ይመደቡ። ሕጉን እነርሱ ያውጡ፤ አወያዮቹም ከመካከላቸው ይመረጡ። ወረዳው የሚጠበቅበት ሰዓቱን ማስከበር ብቻ ነው። የቀረው ግዴታ ግን የመንግሥት አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ የምናነበው የእኛ የአሠሪዎች ነው። እሑድ ከሰዓት የተጠራቀመ ልብስ የምናሳጥባት ልጅ የትኛውም ሜዳ አይደርሳትም። መንግሥትን ስለ ነፃነት በምንወቅስበት አፍ በራሳችን ግቢ የእረፍት ቀን መንፈጋችን ያሳፍራል።

በቤታችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሑድ ሙሉ ቀን የእርሷ እንዲሆን ተስማምተናል። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ነገር ምስጋና የለውም። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ የት እሄዳለሁ፣ ጋሼ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሠፈሬን ሰዎችም፣ እናንተንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ቸር እንሰንብት።