ከካርቡሬተር ዘመን የተረፈ ምክር

ተራራ ከመወጣቱ በፊት ሞተር ሳይክሉ ለከፍታ ይስተካከል የሚለው ምክር በካርቡሬተር ዘመን ትክክል ነበር። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ነዳጁን ከልክ በላይ ይለቃል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጭሱም ይጠቁራል። መካኒኩ የነዳጅ ቀዳዳውን በጠባብ ሲለውጠው ነገሩ ይስተካከል ነበር።

ካርቡሬተሩ ሄደ፤ ምክሩ ግን ቀረ። ወደ ህንዷ ላዳክ ከሚወጡት ባለ ኢንጀክሽን ሞተሮች ዛሬም የስንቱ ኮምፒውተር ይነካካል፣ የስንቱስ የአየር ፊልትሮ ይወልቃል!

የሮያል ኢንፊልዱ ሂማላያን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ካርቡሬተር ነበረው፤ በ2017 ኢንጀክሽን ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ሴንሰሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት ይለካሉ፣ ኮምፒውተሩም ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጋራዡ የሚሸጠው ማስተካከያ እንግዲህ ቀድሞ የተሠራ ሥራ ነው። ተቀንሶ ያለቀውን ነዳጅ እንደገና መቀነስ ደግሞ ሞተሩን ያግላል፤ ነጂው ወደ ቆላ ሲወርድ ፒስቶን እስከማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

ከሌህ ከተማ በላይ ያለው የካርዱንግ ላ መተላለፊያ 5,359 ሜትር ከፍ ይላል (ለዓመታት የቆመበት ሰሌዳ 5,602 እያለ ያጋንን ነበር)። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ግማሽ ቢበልጥ በጥቂቱ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተርም ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ የጎደለው ኦክስጅን እንጂ ነዳጅ አይደለምና የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። የአዲስ አበባ ሞተረኛ ራሱ ሩብ ያህሉን ጉልበት በየቀኑ ያጣል። በባሌ ሳነቴ አልፎ 4,377 ሜትር ወዳለው ቱሉ ዲምቱ የሚወጣውማ 40 በመቶ ገደማ ይጎድልበታል።

ፊልትሮ ማውለቁ ከሁሉ ይብሳል። የላዳክ መንገድ አቧራ ነው፤ በፊልትሮ ያልተጣራ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ይፍቃል። ለጥቂት ሰዓት ዳገት ተብሎ የሞተር ዕድሜ ይሸጣል።

ማስተካከያ የሚያሻቸው አሉ፦ የግፊት ሴንሰር የሌላቸው፣ ወይም ማርሚታቸው ተቀይሮ ፕሮግራማቸው ቀድሞ የተነካ። የቀሩት የሚያስፈልጋቸው ሌላ ነው። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ በአንድ ጥርስ ባነሰ መለወጥ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ኃይል ይጨምራል። ንጹሕ ፊልትሮ፣ የቀለለ ጓዝና ቶሎ የወረደ ማርሽም ይረዳሉ። አንዳንድ ሞዴሎች የአካባቢውን ግፊት የሚያነቡት ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ዳገት ላይ ቆም ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ይበቃል፤ ለዚህ ደግሞ የሚከፈል ሂሳብ የለም።